በጥላ ይሰጣ

ከሌሊቱ አስራ አንድ፣ ፀሐይ ሳትቆጣ፣
ከገንደ ቆሬ በር ጫማ አስሬ ስወጣ፣
ዘበኛው ይላል፣ «ዛሬ ደግሞ ማነው የሚያሳድድህ?»
«ሃምሳ ሁለት ዓመት ነው፤ ቆይ፣ ታየዋለህ።»

ከዚራ ዛፎች ሥር፣ ሐዲዱን ተሻግሬ እከንፋለሁ።
ከነፍኩ ማለትስ ይከብዳል፤ እንፏቀቃለሁ።
ሳንቡሳ ሻጯ ልጅ፣ ትሪዋን እንደተሸከመች፣
«ደህና አደሩ ጋሼ» ብላኝ ቀድማኝ ትሄዳለች።

ውድድር አላችሁኝ? አዎ፣ ተወዳድሬያለሁ።
በመጀመሪያው ዓመት ስድስት መቶ አርባኛ ሆንኩ፤
በሁለተኛው ባቴን ጨምድዶኝ በባጃጅ ተመለስኩ፤
በሦስተኛው ጨረስኩ፤
ሰዓት ያዡ ወንበሩን ሲያጥፍ ደረስኩ።
ሜዳሊያው አልቆ ነበር፤ ካናቴራ ግን ተረፈ፣
አረንጓዴ፣ ላባ የሚያህል፣ ደረቱ የተጻፈ።

ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ሠርቻለሁ፤
ክር ሊበጠስ ሲል በድምፁ አውቀዋለሁ።
ይሄ ግን ጥጥ አይደል፤ የውሃ ኮዳ ዘመድ፣
ላብ አይጠጣም፤ ያሻግራል፣ እንደ ኮንትሮባንድ።
ሽታ ግን ይይዛል፣ እንደ ቂም።
ታጥቦ ደርቆ ታጥፎ ያርፋል በሰላም፣
ገላዬ ሲሞቅ የዓምናውን ላብ ያወራል ለዓለም።

የድሬን ውሃ ደግሞ የጠጣ ያውቀዋል፤
ማንቆርቆሪያ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ይወልዳል፤
ሳሙናህን ይበላና አረፋ ይነፍግሃል።
የጀርባዬ ጨው ከውሃው ኖራ ጋር ተዋውሎ
ቁጭ አለ፣ የማላውቀው አገር ካርታ ጨርቁ ላይ ስሎ።

ጎረቤቴ ረምዚያ በአጥሩ አየችኝና ሳቀች፤
«ጋሽ ባይለየኝ፣ ልብስ ነው ወይስ ድስት የሚፈትጉት?» አለች።
«ይገልብጡት። ቀዝቃዛ ውሃ። አቼቶ ጠብ ያድርጉበት።
አይጭመቁት፤ ራሱ ይንጠብጠብ ይተዉት።
ደግሞ በፀሐይ እንዳያሰጡት! በጥላ!»
በጥላ? በድሬዳዋ? በሰኔ?
ጥላ ባገኝ መች ልብስ አሰጣበታለሁ፣ እተኛበታለሁ እንጂ እኔ።

ግን ሰማኋት። ብብቱ ሲተረተር እንኳ በቀይ ክር ሰፋሁት፣
አረንጓዴ አጥቼ፤ ፋብሪካ ያስተማረኝን ስፌት ጣልኩበት።
ከግራር ሥር ገመድ ወጠርኩ፣ ሰቀልኩት።

ከሰዓት በኋላ አቧራ ያዘለው ንፋስ መጣ፤
ካናቴራዬ እጁን ዘረጋ፣ ከቆርቆሮው በላይ ወጣ፣
ደቻቱ ገባ።
ጠብታ ውሃ የሌለው ወንዝ ልብሴን ወሰደብኝ።
ሁለት ቀን አሸዋውን ዞርኩ፤ ፍየሎቹ ታዘቡኝ።

አራተኛው ሩጫ ላይ፣ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣
አንድ ጎረምሳ እንደ ጥይት አለፈኝ በጎኔ፤
አረንጓዴ ለብሷል። ክንዱን ሲያነሳ
ቀይ ክር አየሁ። የእኔ ስፌት። የእኔ!

«ሌባ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም።
ደግሞ ምን ሰረቀ? ንፋስ ያመጣለትን ነው የለበሰ።
ካናቴራው ከእኔ ጋር ሳለ እንዲህ ሄዶ አያውቅም፤
እዚያ ጀርባ ላይ ሆኖ ከተማውን በአንድ ትንፋሽ አደረሰ።
ቅናት ያዘኝ፣ ልጁ ሰው ቤት እንደወፈረለት አባት።

ግን ትከሻው ነጥቷል። ቀለሙ ገርጥቷል።
አየሁት፤ በፀሐይ አስጥቶታል!
ይሄን እንዴት ልለፈው? ተከተልኩት።
ባቴ እየለመነኝ፣ ልቤ እየደበደበኝ፣ ተከተልኩት፤
ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ያለኝን አየር ሰብስቤ፣
«አቼቶ!» አልኩት። «በጥላ! በጥላ!»

ዞር አለ። ማበረታቻ መሰለው።
እጁን አውለበለበልኝ፣ ሳቀ፣ ጠፋ ከዓይኔ።
እኔም ያንን ቀይ ክር እያየሁ፣ ሳላየውም እያየሁ፣
መስመሩን አለፍኩ።

ሰዓት ያዡ ዘንድሮ
ገና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።